እርጉዝ ሴት ማታ ማታ ትንፋሽ ሲያጥራት

(እሁድ ከጸሎት በኋላ ለእህቶች የተደረገ ንግግር)

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴ እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሰው ቤት ነው። ቤይሩት ከገባሁ አስራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ስለ እርግዝና እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። እርግዝና ብዙ ወሬ አለው፤ እኔ ግን ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። እሱም በመጨረሻዎቹ ወራት ማታ ስንተኛ ስለሚያጥረን ትንፋሽ ነው። ይህን የመረጥኩት ስላወቅሁ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ነገር አንዲት ልጅ ላይ ስለተሳሳትኩ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ልጄን ያረገዝኩት ከኮንትራት ቤት ወጥቼ በሰዓት ጽዳት ስሠራ ነው። የአባቱ ወሬ የዛሬ ርዕስ አይደለም፤ ሳቃችሁን ተዉት። የምንኖረው ቡርጅ ሐሙድ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሆነን በአንድ ክፍል ነበር። ሕንፃው አሳንሰር አለው፤ መብራት ግን የለውም። ሰባተኛ ወሬን ስይዝ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ መውጣት ቀረ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ፌስታሌን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ። ከሥር የሚመጣ ሰው «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ፣ ስልክ እየጠበቅሁ ነው እላለሁ።

ማታ ደግሞ ይብሳል። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ሞተሩ እኩለ ሌሊት ላይ ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ወበቁን ታውቁታላችሁ። በጀርባዬ ስተኛ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። አፍንጫዬ ይዘጋል፤ ሽሮ በልቼ ከተኛሁ ቃሩ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል። ወደ ጎን ስዞር ግን፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ይለቀኛል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ስዞር ይለቀኝ ነበር።

ሰፈራችን ያለው ሙስተውሰፍ ሄድኩ። አዲስ የመጣችሁ ብዙ ስላላችሁ ልንገራችሁ፤ ሙስተውሰፍ ማለት በየሰፈሩ ያለ፣ ከሆስፒታል በጣም የሚረክስ ክሊኒክ ነው። ሐኪሟ ደረቴንም ጀርባዬንም በማዳመጫዋ ሰማች፣ ደም ግፊቴን ለካች፣ ደም ወሰደች። ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ማህፀን ሲያድግ ከሳንባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እስከ 4 ሳንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሳንባ ከሥር ቦታ ይጠበዋል። ከዚያ ደግሞ የእርግዝና ሆርሞን አንጎላችንን «በደንብ ተንፍሺ፣ ለልጁም ነው» እያለ ይነግረዋል፤ ስለዚህ አየር ሳይጎድለን የጎደለን ይመስለናል። ከአስር እርጉዝ ስድስት ሰባቷ ይህ ይሰማታል። በጀርባችን ስንተኛ ደግሞ የማህፀኑ ክብደት ከእግራችን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ለዚህ ነው ከ28 ሳምንት በኋላ፣ ማለት ሰባተኛ ወር ሲጋመስ፣ በጎን ተኙ የሚሉን። ግራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀኝም ቢሆን ችግር የለውም። ሌሊት ስትነቁ በጀርባችሁ ሆናችሁ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ዞራችሁ መተኛት ነው።

ትራስ በጉልበቶቼ መሃል አደረግሁ። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቀድሜ መብላት ጀመርኩ። የደሜ መጠን 9 ነበር፤ ለእርጉዝ ከ11 ማነስ የለበትም። ደም ማነስ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የብረት ኪኒን ተሰጠኝ፤ ሐኪሟ ከሻይና ከቡና ጋር እንዳልወስደው አስጠነቀቀችኝ፤ ሻይና ቡና ብረቱን እንዳይገባ ይከለክሉታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ያለ ሻይ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ኪኒኑን ማታ አደረግሁት። በዚህ አጋጣሚ፣ ጾም ላይ ያላችሁ እርጉዞች አባን አነጋግሯቸው፤ እዚያ ከኋላ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው።

ልወልድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ልጁ ወደ ታች ወረደ። እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ትንፋሼ ተከፍቶ አገኘሁት። በሰላም ወለድኩ።

ከዚያ በኋላ የሕንፃው ሐኪም ሆንኩላችሁ! ያረገዘች ሁሉ ወደ እኔ ትመጣለች። «ትንፋሽ አጠረኝ» ስትለኝ መልሴ የተዘጋጀ ነው፤ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ በጎንሽ ተኚ፤ ልጁ ሲወርድ ይለቅሻል።» ለብዙዎቹም ልክ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በክረምት፣ አንዲት ልጅ ክፍላችን ገባች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ባለፈው ሳምንት በስልክ ፈቅዳልኛለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ የወሎ ልጅ፣ ከኮንትራት ቤት የወጣች፣ ወረቀት የሌላት። ስትገባ ስድስት ወሯን ጨርሳለች። ቀጭን ስለሆነች አይታወቅባትም ነበር። እትዬ ነው የምትለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት በራሷ ትራስ ተኛች። በሁለተኛው ሳምንት «እትዬ፣ ትራስሽን ታውሺኛለሽ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ከዚያ ብርድ ልብስ አጥፋ ከትራሶቹ ሥር አደረገች። ማታ ማታ ታስላለች፤ ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፈላሁላት። ሁለት ሰዓት ያህል ተኝታ ብድግ ትላለች፤ አፏን ከፍታ ወደ በረንዳው በር ትሮጥና ትከፍተዋለች። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። እኛ ከብርድ ልብሳችን ሥር ሆነን «ዝጊው እንጂ! ብርዱን አስገባሽብን» እንላታለን። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ከመካከላችን አንዷ «ይሄ ዱካክ ነው፣ ዱካክ እየተጫናት ነው» አለች፤ ከትራሷ ሥርም ቢላ አደረገችላት። ዱካክ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ዱካክ የያዘው ሰው ነቅቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል፤ ሲለቀው ተመልሶ ይተኛል። እሷ ግን ትንቀሳቀስ ነበር፤ እንደውም ትሮጥ ነበር። ተመልሳ መተኛት ነው ያቃታት። ይህን ልዩነት ያኔ አላስተዋልኩትም።

እኔ ምን አልኳት? «እኔም እንዲሁ ነበርኩ።» ሦስት ጊዜ ነው ያልኳት። «በጎንሽ ተኚ» አልኳት። «እትዬ፣ በጎንም አልቻልኩም» አለችኝ። «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። በመጨረሻው ሳምንት ፕላስቲክ ወንበር ከበረንዳው በር አጠገብ አድርጋ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አጣጥፋ፣ ግንባሯን በላዩ አስደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋ ነበር።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የወንበር መውደቅ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መናገር አልቻለችም። አንድ ቃል ትልና ትተነፍሳለች፤ አንድ ቃል ትልና ትተነፍሳለች። ደረቷ ድስት ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ስታስል አረፋ ወጣ፤ በስልክ መብራት ሳየው ሮዝ ነው። ተሸክመን አወረድናት፤ ሰርቪስ አስቆምን፤ ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት። ይህም ስህተት ነበር። ስናስተኛት እንደሰመጠ ሰው ሆነች፤ እኔን ቧጥጣ ተነሳች። ፊቴ ላይ የነበረውን ጭረት አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል።

የደረስንበት የመጀመሪያው ሆስፒታል ስሙን አልጠራም። ከመግባታችሁ በፊት ገንዘብ አስይዙ አሉን። እየለመንኩ ሳለ በረንዳውን የምትወለውል አንዲት ሀበሻ መጥረጊያዋን ጥላ መጣች፤ «140 ደውሉ፣ ቀይ መስቀል ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም» አለችን። ደወልን፤ መጡ። ቁጭ እንዳለች ኦክስጅን አደረጉላትና ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዷት። ያቺን ጽዳት ሠራተኛ ስሟን እንኳን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በሁለተኛው ሆስፒታል ወጣት ሐኪም ነበር። ነርሷ ትንፋሿን ቆጠረች፤ በደቂቃ 36። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር ምን ይመስላችኋል? ወረቀት አለም፣ ካፊሏ ማነውም አላለኝም። «በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?» አለኝ። ተረጎምኩላት። ሦስት ጣቷን አሳየችው። ከዚያ እጇን ወደ ወንበሩ ጠቆመች። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። መቁጠር ጀመርኩ። ትራሴን የሰጠኋት መቼ ነበር? ብርድ ልብሱስ? ወንበሩስ? ሁሉንም አውቀው ነበር። ትራሱን የሰጠሁት እኔ ነኛ።

ውሃውን ከሳንባ የሚያወጣ መርፌ ወጓት፤ ሽንቷ መጣ፣ መጣ፣ መጣ። ሲነጋጋ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ «እትዬ፣ ጫማሽ የተለያየ ነው» አለችኝ። አየሁ፤ እውነቷን ነው፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የጎረቤት ነበር።

ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ አነሷት፤ ኤኮ ይሉታል። ልባችን ውስጥ ደም የሚያልፍባቸው አራት በሮች አሉ፤ ቫልቭ የሚባሉት። የእሷ አንዱ በር ጠቧል። ሐኪሙ «ልጅ ሳለሽ ጉልበትሽን አሞሽ ያውቃል? ጉሮሮሽንስ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። በአስር ዓመቷ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እያፈራረቀ አብጦ ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር፤ እናቷ ቅቤ ቀቧት፣ ጠበል ወሰዷት፣ ተሻላት። ጉሮሮዋንማ ስንቴ! እንጥሏ ወርዷል ተብሎም ተቆርጣለች።

እህቶቼ፣ ከመካከላችን ስንቱ ነው በልጅነቱ ቶንሲል እየተመላለሰ ያሰቃየው? ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ጉሮሮ ህመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት ያንን ሊዋጋ ተነስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ሊያቆስል ይችላል። መገጣጠሚያው ይድናል። ልቡ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ጠባሳው በዓመታት በሩን ያጠበዋል። እንጥል መቁረጥ ይህን አያስቀረውም። ይህ በሽታ በሀገራችን ብዙ ነው። ልጅቷ አድጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ የውጭ ሀገር ምርመራ አልፋ፣ ምንጣፍ ተሸክማ ትሠራለች፤ ማንም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም። ያረገዘች ጊዜ ግን በሰውነቷ ያለው ደም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ይጨምራል፤ ልቧም ይፈጥናል። ያ ሁሉ ደም በጠባቡ በር አላልፍ ሲል ወደ ኋላ ይመለስና ውሃው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስትተኛ ደግሞ በእግሯ የነበረው ደም ወደ ደረት ስለሚመለስ ይብስባታል፤ ቁጭ ስትል ይቀላታል። ትራስ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

የእኔ ትንፋሽና የእሷ ትንፋሽ በስም አንድ ነበሩ። ልዩነታቸውን ግን አሁን ልንገራችሁ፤ ጓደኛችሁን እንድትጠይቁበት ነው። የእኔ ቀስ ብሎ የመጣ ነበር፤ ለወራት እዚያው ነበር። ስዞር ይለቀኛል፤ ደረጃ ላይ ቁጭ ስል ይመለስልኛል፤ ቀን አወራለሁ፣ እስቃለሁ። የእሷ ከሳምንት ሳምንት ባሰ። ትራስ ጨመረ። በእንቅልፍ መሃል አፍኖ ያስነሳታል። ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ ሳል ነበራት። ልቧ ቁጭ ባለችበት ይሮጣል። በኋላማ ሳትንቀሳቀስም ማውራት አቃታት። ስለዚህ «ትንፋሽ አጠረኝ» ስትላችሁ «እኔም» አትበሏት። «ትንፋሽ ሳያጥርሽ ጋደም ማለት ትችያለሽ? በስንት ትራስ? ባለፈው ሳምንትስ?» በሏት። ሁለት ትራስ ሦስት ከሆነ፣ ሦስቱ ወንበር ከሆነ፣ ሰኞን አትጠብቁ።

ነርሷ መቁጠርም አስተምራኛለች። ቁጭ ብላ አርፋ ሳለ፣ እየቆጠራችሁ መሆኑን ሳትነግሯት፣ ደረቷን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ20 ካለፈ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ወደ 30 ከተጠጋ አምቡላንስ ነው። ከንፈር ሰማያዊ ይሆናል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ የእኛ ቆዳ ላይ በደንብ ላይታይ ይችላል፤ የከንፈሯን ውስጥ፣ ድዷንና ጥፍሯን እዩ።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። በድንገት፣ በአንድ ጊዜ ትንፋሽ ቢያጥርና ደረት ቢወጋ፣ በተለይ አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ፣ እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድን ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ካለ ደግሞ የእርግዝና ደም ግፊት ነው የሚጠረጠረው፤ እሱም ሳንባ ውስጥ ውሃ ያመጣል። እነዚህ ሁለቱም ማደር አይችሉም። ሌላም አለ። ልቧ ደህና የነበረች ሴት እንኳን በመጨረሻው የእርግዝና ወር ወይም ከወለደች በኋላ እስከ አምስት ወር ድረስ ልቧ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ «ወለደች፣ አለፈ» አትበሉ፤ አራስም ቁጭ ብላ የምታድር ከሆነ ያው ነው።

አስም ያለባችሁ፣ አረገዝኩ ብላችሁ የምትስቡትን ፓፍ አታቁሙ። መድኃኒቱ ከሚጎዳችሁ ይልቅ አስሙ ልጁን ይጎዳል።

ከሥራችን የሚመጣም አለ። ክሎርና ፍላሽ አትቀላቅሉ! ማዳም «ይበልጥ ያነጣል» ብትልም አትቀላቅሉ። ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በተለይ መስኮት በሌለው ሽንት ቤት። ቀን የተነፈሳችሁት ማታ ነው የሚያንቃችሁ። በክረምት ደግሞ ከሰል ያለበትን ምድጃ ክፍል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ ቡና አፍልተን የተረፈውን ፍም ለሙቀት እናስገባዋለን አይደል? ያ ጭስ ሽታ የለውም፤ እናትም ልጅም ይገድላል።

እንግዲህ ሌሊት ቢሆንስ? አታስተኟት። ቁጭ አድርጓት፣ እግሯን ወደ ታች ትልቀቀው፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከብበን አንጮህባት። ውሃ ጠጪ ብላችሁ አታስገድዷት። የሰው መድኃኒት አትስጧት። 140 ደውሉ። እዚህ ሀገር አድራሻ በቁጥር አይነገርም፤ ስለዚህ የሕንፃውን ስም፣ ከሥሩ ያለውን ሱቅ፣ በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ተናገሩ፤ አንዷ ወርዳ መንገድ ላይ ትቁም። አሳንሰር ካልሠራ በወንበር ቁጭ እንዳለች አውርዷት። አረብኛ የምትችል ከሌለች ይህችን ብቻ በሏቸው፤ «ሃብሌ፣ ማ ፊያ ትትነፈስ»፤ እርጉዝ ናት፣ መተንፈስ አልቻለችም ማለት ነው። ለራሳችሁ ከሆነ «አና ሃብሌ፣ ማ ፊዪ ኢትነፈስ» ነው። እዚሁ ከእኔ ጋር በሉት። አንዴ ድገሙት።

ኮንትራት ቤት ያላችሁ፣ የእናንተ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እርግዝናውን ደብቃችሁ፣ ከወጥ ቤት አጠገብ ባለች መስኮት በሌላት ክፍል ተኝታችሁ፣ ስልካችሁ ማዳም ዘንድ ሆኖ ይሆናል። ማዳም ብታውቅ ትመልሰኛለች ብላችሁ ትፈራላችሁ። ልትመልስም ትችላለች። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን ቁጭ ብላችሁ የምታድሩበት ሌሊት ከመጣ ተነስታችሁ የማዳምን በር አንኳኩ። ቤቷ ውስጥ ሰው እንዳይሞትባት የፈራች ማዳም፣ ምንም ከማታውቅ ማዳም ትሻላለች።

ያቺ ልጅ አምስት ሳምንት ቆየች፤ ጥቂቱን ሆስፒታል፣ የቀረውን ክፍላችን ውስጥ ከሥራ አርፋ፣ የልብ ምቷን የሚያዘገይ ኪኒን እየወሰደች። የሆስፒታሉን ገንዘብ እናንተ ናችሁ ያዋጣችሁት፤ እቁባቸውን አሳልፈው የሰጡም አሉ። በ37 ሳምንት በምጥ ወለደች፤ ብዙ እንዳታምጥ ሐኪሙ በመሣሪያ አገዛት። ሴት ልጅ፣ 2 ኪሎ ከ400 ግራም። ከወለደች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቀን ለልቧ ከሁሉ የሚያሰጋው ስለሆነ ከነርሶቹ ዓይን አልራቀችም። አሁን ሀገር ቤት ናት። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ በሩ ይበልጥ እንዳይጎዳ ነው። የጠበበውን በፊኛ የሚያሰፉበት ሕክምና አለ፤ ለእሱ ወረፋ ይዛለች። ይቅርታ ስጠይቃት «እትዬ፣ ትራሱን እኮ ሰጥተሽኛል» ትለኛለች። ይህን ስትለኝ የባሰ ነው የምትቆጠቁጠኝ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ሁለት ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ መልሱን ለቀሩት እህቶች ስል ከዚህ ጋር እንዲታተም ጠይቄያለሁ። አንዷ «ልቧ እንዲህ የሆነች ሴት ደግማ መውለድ ትችላለች ወይ?» አለች። ከማርገዟ በፊት የልብ ሐኪም ይያት፤ እስከዚያ መከላከያ ትውሰድ፤ የትኛው መከላከያ ለልቧ እንደሚሆን እሱኑ ትጠይቀው። ለእሷ የተነገራት እንደዚህ ነው።

ሁለተኛዋ በሩ ላይ ጠብቃ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። ሕንፃቸው ውስጥ ስምንተኛ ወሯን የያዘች ልጅ አለች፤ በሦስት ትራስ ነው የምትተኛው፤ «ድሮም በትራስ ነው የምተኛው» ትላለች አለችኝ። ድሮ በስንት? አልኳት። አላወቀችም። እህቴ፣ ስልክሽን ሳልቀበልሽ ሄድሽ። ይህን ወረቀት ያየሽ እንደሆነ ዛሬውኑ ሂጂና ጠይቂያት፤ ወይም እሁድን ሳትጠብቂ ለአባ ደውዪላቸውና ከእኔ ያገናኙሽ፤ አብረን እንሄዳለን።